የሱሉልታዋ ነጭ ጉጉት እና ስለ ጉጉት የምንሳሳተው

ሱሉልታ ከገባን ወዲህ፣ አመሻሹ ላይ ከግቢያችን ጀርባ ካለው ጅምር ሕንፃ አንዲት ነጭ ጉጉት ትወጣለች። ክንፏ ኮሽ አይልም። በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ድንጋይ ሲወረውርባት ደረስኩ። «ተው!» ስለው አያቱ በር ላይ ሆነው «ተይው ልጄ፣ ያባርራት፤ ሟርተኛ ናት» አሉኝ። ልጁ ደግሞ «ፊልም ላይ ያየኋት የበረዶ ጉጉት እኮ ናት» አለ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ ጉጉት እጠይቃለሁ።

«ነጭ ከሆነች የበረዶ ጉጉት ናት።»
አይደለችም። የበረዶ ጉጉት አገሯ አርክቲክ ነው፤ ሰሜን ካናዳ፣ አላስካ፣ ግሪንላንድ፣ ሰሜን ሩሲያ። ክረምት ላይ ወደ ደቡብ ብትወርድም እኛ ጋ አትደርስም። ሁለት ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ እስከ እግር ጣቷ ላባ ለብሳለች፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ መሬት ላይ ትፈለፍላለች። የኛዋ ግማሽ ኪሎ አትሞላም። ፊቷ የልብ ቅርፅ አለው፣ ጀርባዋም ወርቃማ ነው፤ ነጭ የምትመስለው ከሥር ስናያት ነው። የበረዶ ጉጉት የቅርብ ዘመዶች እንዲያውም በተራሮቻችን የሚኖሩት፣ ቀንድ የመሰለ ላባ ያላቸው ትልልቅ ጉጉቶች ናቸው።

«ጉጉት ቀን አይታያትም።»
ይታያታል። የኛዋ ቀን የምትተኛው አይጥ ማታ ስለሚወጣ ነው። አርክቲክ ውስጥ በጋ ላይ ፀሐይ ለሳምንታት አትጠልቅም፤ የበረዶ ጉጉት ቀን ባታድን ኖሮ ጫጩቶቿ በረሃብ ባለቁ ነበር።

«አንገቷን ሙሉ ዙር ታዞራለች።»
270 ዲግሪ ብቻ። ዓይኗ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ አንገቷ ይሠራላታል። የኛ አንገት አጥንት 7 ነው፣ የሷ 14።

«ከጮኸች ሰው ይሞታል።»
ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሌሊት በሽተኛ የሚያስታምም ሰው አይተኛም፤ ስለዚህ ጩኸቷን የሚሰማው እሱ ነው። በሽተኛው ሲያርፍ ጥፋቱ የሷ ይሆናል። እሷ ግን ጓደኛዋን እየጠራች ነው፣ ወይም ጫጩቶቿ ምግብ እየለመኑ ነው። አንድ ጠዋት ጅምሩ ሕንፃ ሥር የተፋችውን ጥቁር ድቡልቡል ነገር አገኘሁ። በስንጥር ፈለቀቅኩት። ፀጉር፣ መርፌ የሚያካክሉ አጥንቶች፣ ብርቱካንማ ጥርስ ያላቸው ሦስት የአይጥ ራስ ቅሎች። ለአያትየው ወስጄ አሳየኋቸው። ጎተራቸውን አይጥ የጨረሰባቸው ሴት ናቸው። ዝም ብለው ብዙ ቆይተው አዩት።

«የበረዶ ጉጉት ሰው ከሌለበት ስለምትኖር ማንም አይነካትም።»
ድሮ 300,000 ገደማ ናቸው ይባል ነበር። ቆጠራው ሲሻሻል ከ30,000 በታች ሆነው ተገኙ፤ ቁጥራቸውም እየቀነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ተጋላጭ ብሎ መዘገባት። ኑሮዋ ሌሚንግ በሚባል የአይጥ ዘመድ ላይ ነው። ሌሚንግ ሲበዛ እስከ 11 እንቁላል ትጥላለች፤ ሲጠፋ ጭራሽ ላትጥል ትችላለች። ሌሚንግ ክረምቱን የሚያሳልፈው በረዶው ሥር ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ያ መጠለያ ይበላሻል። ወደ ደቡብ ስትወርድ ደግሞ መኪናና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጠብቋታል።

የኛዋን የሚያሰጋት የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላ አይጥ ቶሎ አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ሲወጣ ጉጉቷ ቀድማ ታነሳዋለች። ሱሉልታም፣ ሰበታም፣ ለገጣፎም ያላችሁ፣ ወጥመድ ከበቃችሁ መርዙን ተዉት።