ለበጉ የተቆጣው ንጉሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አንድ እሑድ ማታ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ተከታታይ ድራማ እናያለን። ታሪኩ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት ስለተቀጠረች ልጅ ነው። አሠሪዋ ታመናጭቃታለች፣ ደመወዟን ትይዝባታለች፣ እናቷ ታማ እንኳ «ሂጂና እያት» አትላትም። ልጅቷ ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እኔም በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን እጠርግ ጀመር። «እንዲህም ያለ ጨካኝ ሰው አለ?» አልኩ። ወዲያው አንገቴን እንኳ ሳላዞር፣ በሩ አጠገብ ቆማ አብራን የምታየውን የቤታችንን ልጅ «ውኃ አምጪልኝ» አልኳት። ይዛ ስትመለስ ድራማው አልቆ ማስታወቂያ ገብቷል። ብርጭቆውን አስቀመጠችና ቀስ ብላ «እትዬ፣ ልጅቷ እናቷን አገኘቻት?» አለችኝ።

ይህች ልጅ እናቷን አይታ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ፈቃድ ጠይቃኝ ነበር። መጀመሪያ «ፋሲካ ይለፍ» አልኳት። ቀጥሎ «የልጆቹ ፈተና ይለቅ» አልኳት። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12ን ገለጥኩ። ከልጅነቴ የማውቀው ታሪክ ነው። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ገብቶ ስለ ሁለት ሰዎች ይነግረዋል። ባለጠጋው ብዙ በግና ላም አለው። ድሀው ግን ያለችው አንዲት ታናሽ በግ ናት፤ እንጀራውን ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ፣ በብብቱ ትተኛ ነበር፤ እንደ ልጁ ነበረች። ለባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ሳስቶ የድሀውን በግ አረደ። ዳዊት እስከዚህ ሰምቶ አልቻለም። «ይህን ያደረገ ሰው የሞት ልጅ ነው» አለ።

አሁን ከዚህ በፊት ያለውን ምዕራፍ እንይ። ዳዊት የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወስዶ፣ እርሱን በጦር ግንባር እንዲሞት አድርጎ ነበር። ኦርዮ በጦር ሜዳ መሞቱ ለንጉሡ ሲነገረው ዳዊት ምን ብሎ መለሰ? ሰይፍ አንድ ጊዜ ይህን፣ አንድ ጊዜ ያን ይበላልና ይህ ነገር አይክፋህ ብሎ ወደ ጦር አለቃው ወደ ኢዮአብ ላከ። በእውነት ለተገደለው ታማኝ ወታደር አንዲት የሐዘን ቃል ከአፉ አልወጣችም። ናታን በመጣ ጊዜ ደግሞ ከቤርሳቤህ ሕፃን ተወልዶ ነበር፤ ቢያንስ የእርግዝናው ዘጠኝ ወር ሙሉ ንጉሡ በልቶ ጠጥቶ፣ በዙፋኑ ተቀምጦ ኖሯል። ለኦርዮ ደም ያልነደደው ልብ ለታሪኩ በግ ነደደ።

ብዙ ጊዜ ይህን ስናስተምር ዳዊትን ግብዝ እናደርገዋለን። እኔ ግን ቁጣው የእውነት ይመስለኛል። ስለ አንዲቱ በግ አራት ይመልስ ብሎ የፈረደው በዘፀአት 22 የተጻፈውን ሕግ አስታውሶ ነው። ሕጉ አልጠፋበትም፤ ሕሊናውም አልሞተም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሰው ጽድቅን እያወቀ፣ ጽድቅን እየወደደ፣ ለጽድቅ እያለቀሰ ጽድቅን ሳይሠራ መኖር ይችላል።

ለምን? ታሪክ ስንሰማ ሁላችንም የዳኛው ወንበር ላይ ነን። ባለጠጋው እኔ ልሆን እችላለሁ ብሎ የሚጀምር የለም፤ ወይ ተበዳዩን ነን፣ ወይ ፈራጁን። ደግሞ በታሪክ ውስጥ የደግነቱን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ባለታሪኩ ቤቱን ሸጦ ወዳጁን ያስፈታል፣ እኛ ደግሞ ደረታችን ይሞላል፤ ከኪሳችን ግን ሳንቲም አልወጣም። የድራማዋ ልጅ ሲኒ አትሰብርም፣ ወጥ አታሳርርም፣ እንግዳ በመጣ ቀን አታኮርፍም። የእኛዋ ሁለት ሲኒ ሰብራለች። ለዚያችኛዋ ማዘን ቀላል ነው።

ከሁሉ የከፋው እንባው ራሱ ክፍያ መስሎ መታየቱ ነው። አልቅሼ ስነሣ ቅልል ይለኛል፤ የሆነ ነገር ያደረግሁ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ለነቢዩ ለሕዝቅኤል በምዕራፍ 33 የነገረው ይህን ነው። ሕዝቡ እየተጠራሩ ይመጣሉ፣ በፊትህ ይቀመጣሉ፤ አንተም መልካም ድምፅ እንዳለውና በገና አሳምሮ እንደሚጫወት ሰው ሆነህላቸዋል፤ ቃልህን ይሰማሉ እንጂ አያደርጉትም። የእግዚአብሔር ቃል እንኳ ጣዕሙ ብቻ ተወስዶ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በዚህ ተጨንቋል። በዘመኑ ሕዝቡ ስብከት ሲጥመው በቤተ ክርስቲያን ያጨበጭብ ነበር። በቁስጥንጥንያ የሐዋርያት ሥራን ሲተረጉም ሳለ፣ ሲጨበጨብለት እንደ ሰው ደስ እንደሚለው፣ ቤቱ ሲገባ ግን ጥቅሙ በጭብጨባው ስለጠፋ እንደሚያዝን ነገራቸው። እንግዲህ ማንም እንዳያጨበጭብ ሥርዓት እንሥራ አላቸው። ይህንንም ሲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ እርሱም ስለዚሁ ሥርዓት እየተናገርኩ እንኳ አትታገሡም ብሎ ወቀሳቸው።

በእኛም አገር «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በውስጡ ያለውን ጉዱ ካሳን ያልወደደ አንባቢ አላገኘሁም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ወላጆቻችን እስከ ዛሬ ስሙን ሲያነሡ ፊታቸው ይበራል። ሰው በዘሩ አይመዘንም ብሎ ስለተናገረ እንወደዋለን። ልጃችን እጮኛዋን ይዛ የመጣች ቀን ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው «የማን ዘር ነው?» ብለን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ቤት ቁጠሩ የምትለው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ እኛ ግን የምንቆጥረው «ቀጥቃጭ» ወይም «ሸክላ ሠሪ» የሚባል አያት እንዳይገኝበት ነው። በዘራቸው የሚኮሩትን ፊታውራሪ መሸሻን በዚሁ መጽሐፍ ስናነብ ጠልተን፣ በሽምግልና ቀን እርሳቸውን ሆነን እንቀመጣለን። ይህን የምለው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም፤ በእኔም ቤተሰብ ተደርጓል፣ እኔም ተቀምጬ ዝም ብያለሁ።

ወገኖቼ፣ ታሪክ አትስሙ፣ አታልቅሱም አልልም። ጌታችን ራሱ በምሳሌ አስተምሯል። ነገር ግን ናታን በግዋን ያመጣት ዳዊት በእርሷ ላይ እንዲቆም አይደለም፤ «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል የሚገባበት በር እንድትሆን ነው። እኛ በሩን ከፍተን እናያለን፣ እናደንቃለን፣ ናታን ሳይገባ እንዘጋዋለን።

ያ «አራት» የሚለው ቁጥር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ዳዊት አራት እጥፍ በሌላ ሰው ላይ ፈረደ፤ የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ግን በራሱ ላይ ፈረደ። ወንጌላዊው ስለ ዘኬዎስ እንባ አንድም ቃል አልጻፈልንም። ቆመ፣ ቆጠረ፤ እኩሌታውን ለድሆች፣ የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ አለ። ሒሳብ ነው የተናገረው።

እኔም በማግስቱ ደብተር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ቤታችን ከገባች አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኗታል። በዚህ ሁሉ እሑድ እኔ ቅዳሴ ስሄድ እርሷ ምሳ ትሠራለች። ደመወዟ በገባች ቀን የተነገራት ነው። ያልወሰደችውን ዕረፍት ቆጠርኩ፣ ሊጨመርላት የሚገባውን ደመርኩ። እጄ ሁለት ጊዜ ቀነሰ፤ ሁለቴም ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት።

ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ አደረስናት። ለእናቷ ቡናና ስኳር ይዛለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ እግሯን ካነሣች በኋላ ዞር ብላ «እትዬ፣ ውኃው በጀሪካን ተቀድቷል፤ ሊጡ ነገ ይደርሳል» አለችኝ።