የተራዘመ ሐዘን ምንድን ነው?

«ልጇ ሆስፒታል ከሞተባት አራት ወር ሆናት፤ እስካሁን ታለቅሳለች። የተራዘመ ሐዘን ነው፣ መድኃኒት ትጀምር።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በልበ ሙሉነት እንዲህ ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለውን ሳነብ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።

ወንድሜ፣ ወሩን እንኳ አልጠበቅህም! የተራዘመ ሐዘን የሕመም ስም ነው፤ እንዲህ ለማለት የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ከሞቱ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይላል። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት መመሪያ ለአዋቂ 12 ወር ይላል። ሐዘኑም ከባህሉና ከሃይማኖቱ ወግ በግልጽ ያለፈ መሆን አለበት። ሰደቃውም ተዝካሩም ባለበት በወሎ ይህን መመዘን ቀላል አይደለም። ሙት ዓመት ላይ ያለቀሰችን እናት ማን ታማሚ ይላታል?

ደግሞ 6 ወር ማለት ሐዘን የሚያልቅበት ቀን አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርዱ ከተማዋ ከታች ትታያለች። አንድ ኩርባ ስትዞሩ ትጠፋለች፤ ደግሞ ብቅ ትላለች። ሳምንቱን ደህና የሰነበተች እናትም የጎረቤት ልጅ ለክትባት ሲወሰድ አይታ እንደ አዲስ ታነባለች። ኩርባው ነው እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ቀስ ብሎ የሚወርድ መኪና አለ፤ ፍሬን ሊያቀዘቅዝ ዳር ይዞ የሚቆምም አለ። እኛ በምርመራ የምንፈልገው ወራት አልፈው እዚያው ኩርባ ላይ ሞተሩ የጠፋበትን ነው። (ልጅ ለሞተበት ወላጅ ኮምቦልቻ የሚባል መድረሻ የለም፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ አይሠራም።)

የሞተር መጥፋት ያልኩት፣ ናፍቆቱ ወይም የልጁ ሐሳብ በአብዛኛው ቀን ሰውን ጠፍንጎ ሲይዝ ነው። ሥራው ይተዋል፣ ቤቱ ይተዋል፣ የቀሩት ልጆች ይረሳሉ። ለቅሶ ብቻውን መስፈርት አይደለም። ሕክምናውም በዋናነት ለሐዘን ተብሎ የተዘጋጀ የንግግር ሕክምና ነው። የድብርት መድኃኒት ድብርት ካለ ይረዳል፤ ለናፍቆት ግን ብዙም አይፈይድም።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ወር የሚቆጠረው ለዚህ ምርመራ ብቻ ነው። «ልሙት» የምትል፣ እህል የተወች፣ እንቅልፍ የራቃት፣ በተለይ ደግሞ በቅርቡ የወለደች እናት ዛሬውኑ ትታይ።

ልጅ ሆስፒታል ሲሞት «ቀድመን ብናመጣው ኖሮ» የሚለው ጸጸት ይበረታል። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ የሆነውን ቢያስረዳ ጥሩ ነበር፤ ብዙ ጊዜ አይደረግም። ሟቹ ጨቅላ ከሆነ ደግሞ ቅሬውም (የሰፈሩ እድር) ቶሎ ይበተናል። እናትየዋ «አብሽሪ፣ አላህ ይተካል» ትባላለች፤ ጡቷ ግን ገና ወተት ይሞላል። አባትየው መኪና ሲለምን፣ ቀብር ሲያስፈጽም ውሎ «እሷን አጽናት» ይባላል። ስለዚህ እናቲቱ ስትመጣ እሱንም ለብቻው አስገብቼ እጠይቃለሁ፤ እንቅልፉን፣ ሥራውን፣ ጫቱ ጨምሮ እንደሆነም።