ከበረት እስከ ጓዳ፦ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በገጠር እንስሳት

ታክማ ያልዳነች ላም ካለች «መድኃኒቱን ለመደችው» ይባላል። የለመደችው ግን ላሟ አይደለችም፤ ባክቴሪያው ነው። «መላመድ» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል። አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። በዘረመላቸው መከላከያ ያላቸው ጥቂቶች ይተርፋሉ። ተቀናቃኝ ስለማይኖራቸው ቶሎ ይራባሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ያው መድኃኒት ሲሰጥ የሚያገኘው እነዚህኑ ነው።

የባሰው ነገር መከላከያው ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ ዲኤንኤ ይይዛሉ፤ ሲነካኩም ቅጂውን ያቀባብላሉ። ዝርያቸው የግድ አንድ መሆን የለበትም። በዶሮ አንጀት ውስጥ ማንንም ሳይጎዳ የሚኖር ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ መከላከያውን ሳልሞኔላ ለሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊያወርስ ይችላል። ዶሮዋ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ እንቁላል ትጥላለች። ተሸካሚ መሆኗን የሚያሳየው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

በገጠር ሰውና እንስሳ የሚኖሩት ተቀራርበው ነው። ያለበው እጅ ምግብ ያቀርባል። እበቱ ማሳ ላይ ይበተናል። ዝንቡ ከኩስ ተነስቶ ሳህን ላይ ያርፋል። ዝናብ ሲመጣ የበረቱ እጣቢ ወደ ወንዝ ይወርዳል። እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ብዙው ክፍላቸው ሳይለወጥ በሽንትና በእበት ይወጣል።

ይህ መተላለፍ ጥርት ብሎ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ ጥናት ነው። ስቱዋርት ሌቪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ቦስተን አቅራቢያ በሚኖር አንድ የገበሬ ቤተሰብ ግቢ ዶሮዎች አስረቡ። ለከፊሎቹ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ ሰጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በእነዚህ ዶሮዎች አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሆኑ። ከወራት በኋላ በቤተሰቡ አባላት አንጀት ውስጥም በዙ። ጎረቤቶቻቸው ላይ ግን ይህ አልታየም።

ውሻና ድመት ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። በእኔ ግምት የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት እነሱ ናቸው። ላሚቱ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን የሚበላው ውሻ ነው። እበት ውስጥ ተንከባሎ መጥቶ ልጁን የሚልሰውም እሱ። የውሻ ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ ሱዶኢንተርሚዲየስ የሚባል ባክቴሪያ በተፈጥሮ ይኖራል፤ ዛሬ ከፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶችን ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚቋቋሙ ዓይነቶቹ በብዙ አገሮች ይገኛሉ። በሌላ በኩል በቤት እንስሳት ላይ የሚገኘው ኤምአርኤስኤ (ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ ኦረስ የሚባል ባክቴሪያ) ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ የመጣ ነው። ሰውም ለውሻው ይሰጣል ማለት ነው። በኔዘርላንድስ ደግሞ ኤምአርኤስኤ ከአሳማ ወደ አርቢዎች ስለሚተላለፍ፣ ሆስፒታሎች አሳማ አርቢ ሲተኛ ለብቻው አድርገው ይመረምሩታል።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። የእንስሳት ሐኪም ሩቅ ሲሆን መርፌው በግምት ይወጋል። እንስሳው ቀና ሲል መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ የተረፈው ለሌላው ይቀመጣል። ለዶሮ ፈንግል እንኳ አንቲባዮቲክ የሚሰጥ አለ። ፈንግል ግን ቫይረስ ነው፤ መከላከያው ክትባት ነው።

የወተቱ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። በጡት በሽታ የታከመች ላም ወተት መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ለተወሰኑ ቀናት ለሰው አይቀርብም። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የመድኃኒቱን ቅሪት ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ታዲያ ያ ሁሉ ወተት መደፋቱ ያሳዝናል፤ ለጥጃው ወይም ለድመቷ ይሰጣል። ቅሪቱ ለማከም አይበቃም፣ በአንጀታቸው ያሉትን ጠንካራ ባክቴሪያዎች ለመምረጥ ግን ይበቃል።

ለማደለብ ሲባል አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመር በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል። ቻይና ኮሊስቲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለዚህ ዓላማ ማዋል ያቆመችው በ2017 ነው፤ ኮሊስቲንን የሚያከሽፍና በፕላዝሚድ የሚተላለፍ ዘረመል በአሳማዎች ላይ መገኘቱ በ2015 መጨረሻ ከተዘገበ በኋላ።

ክልከላ ሁልጊዜ ወዲያው አይሠራም። ዴንማርክ በ1995 አቮፓርሲን የተባለውን የመኖ መድኃኒት ከለከለች። ከዚያ በኋላ የአቮፓርሲን ዘመድ የሆነውንና ለሰው የሚሰጠውን ቫንኮማይሲንን የሚቋቋመው ኢንቴሮኮከስ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያ በዶሮዎች ላይ ቀነሰ። በአሳማዎች ላይ ግን ንቅንቅ አላለም። ለካስ አሳማዎቹ ታይሎሲን የሚባል ሌላ መድኃኒት በመኖ እየተሰጣቸው ነበር፤ ታይሎሲንንና ቫንኮማይሲንን የሚቋቋሙት ዘረመሎች ደግሞ የተቀመጡት አንድ ፕላዝሚድ ላይ ነው። በአሳማዎቹ ላይ የቀነሰው ታይሎሲኑም ሲቆም ነው።