ሰንበቴ ምንድን ነው?

ሰንበቴ የአንድ አጥቢያ ምእመናን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ተራ እየገቡ አዘጋጅተው አብረው የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። እሁድ፣ ቅጥሩና ተራው አይነጣጠሉም። በየወሩ በቅዱሱ ዕለት፣ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም እየተባለ፣ በአባላት ቤት የሚዞረው ጽዋ ማኅበር ነው። አንድ ቤት በራሱ ወጪ ለስለቱ ወይም ለሚወደው ታቦት የሚያደርገው ዝክር ይባላል። ለቀብርና ለለቅሶ የሚዋጣበት ደግሞ እድር ነው። የጎጃም ገበሬ አራቱንም አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል፤ ብዙውም ይይዛል። ሰንበቴን የሚለየው በሩ ነው፤ አስቀድሶ የወጣ ሁሉ፣ ተሻጋሪ መንገደኛም ቢሆን፣ ሳይቀምስ አይሄድም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይለይ። የሰንበቴው ጽዋ፣ አባላቱ አብረው የሚቀምሱበት ዕቃ፣ ቅዱስ ቁርባን አይደለም። ሥጋ ወደሙ በቅዳሴው ውስጥ፣ በመቅደስ ያልቃል። ሰንበቴው የሚጀምረው ሕዝቡ «እትዉ በሰላም» ተብሎ ከተሰናበተ በኋላ ነው። ይሁንና ሁለቱ የሚተዋወቁ ናቸው፤ የቆረበ ሰው 18 ሰዓት ጾሞ ነው የሚወጣው፤ የራቀ ሰፈር ሰውም ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ነው የመጣው። ምግቡ በደጁ መገኘቱ ለይስሙላ አይደለም።

ማዕዱ የሚቀርብበት ሰንበቴ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ፣ ወደ ቅጥሩ በር ተጠግቶ የሚሠራ የሣር ወይም የቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ ዙሪያውን የጭቃ መደብ አለው፤ ጥግ ላይ ጋን፣ ማሰሮና መጠጫ ይቀመጣል። ካህናቱ ከፍ ካለው መደብ፣ ሽማግሎች ከእነሱ ቀጥለው፣ ሴቶች በአንድ ወገን ይቀመጣሉ። ሰንበቴ ቤት የሌለው ትንሽ አጥቢያ ከዋርካ ወይም ከወይራ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ በጋውን ያ ምንም አይልም፤ ችግሩ የጎጃም ክረምት ሲመጣ ነው።

ኃላፊው ሙሴ ይባላል። ተራ የሚያስጠብቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የቀረ ሰው የሚያስጠይቅ እሱ ነው። ከእሱ ጋር ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይኖራሉ፤ ማዕዱን የሚያዳርሱ አሳላፊዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው። አባልነት በቤት ነው። አባወራው ሲሞት ቦታው ለሚስቱ ወይም ለልጁ ይተላለፋል፤ አያት የገባበትን ሰንበቴ የልጅ ልጅ ይዞት የሚገኘውም ለዚህ ነው። አዲስ የሚገባ ሰው በነባር አባል አፍ ይጠይቃል፤ ማኅበሩ ሲስማማ የመግቢያውን ከፍሎ ተራ ይያዝለታል።

ሥርዓቱ አጭር ነው። ተረኛው ያመጣው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ይቀርባል። ካህኑ ጸሎተ ማዕድ አድርሶ «አቡነ ዘበሰማያት» ይደገማል፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል። ከጽዋው ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ይዳረሳል፤ ይህ ለጥማት የሚጠጣው ሳይሆን የማኅበሩ ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ለጥማት የሚጠጣው ጠላ በመጠጫ የሚቀዳው። በመጨረሻ ጽዋው፣ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ፣ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተቀባዩ እጅ ነሥቶ፣ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ሰውም «ለከርሞ ያድርሰን» ብሎ ይመርቃል።

የነዳያንና የቆሎ ተማሪ ድርሻ የሚወጣው ማዕዱ ሳይነካ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሰንበቴ አለ፤ የተረፈውን ሰብስቦ ወደ በሩ ያወጣል። ያ ትልቅ ስሕተት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የወቀሰው በዚሁ ነው፤ ጌታን እናስባለን ብለው ተሰብስበው፣ አንዱ ጠግቦ እስኪሰክር ሲጠጣ ሌላው እየተራበ ይመለከት ነበር።

ተማሪውን ማብላት ደግሞ ጽድቅ ብቻ አይደለም፤ ለትንሽ አጥቢያ የህልውና ጉዳይ ነው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ካህናቱ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ አርሰው የሚበሉ። ዲያቆናቱ ግን በብዙ የገጠር ደብር ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ እየለመኑ የሚማሩ ልጆች ናቸው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ሲባል ከሩቅ ተማሪ ይመጣል። ተማሪው ግን ቁራሽ ወደሚገኝበት ነው የሚያዘነብለው። ሰንበቴው ከቀዘቀዘ ተማሪው ወደ ሌላ ደብር ይሻገራል፤ ተማሪው ከሄደ ሦስተኛ ዲያቆን ይጠፋል፤ ዲያቆን ከጎደለ ታቦቱ ሳይቀደስ እሁዱ ያልፋል።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ካህኑ ለአገልግሎቱ የተሰጠው የሰሞን መሬት ነበረው፤ የሚኖረውም በዚያ ነበር። መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ሸክሙ ወደ ምእመኑ ዞረ። የሰበካ ጉባኤ፣ ማለት የአጥቢያው አስተዳደር ጉባኤ፣ መዋቅር በቃለ ዓዋዲ ደንብ የተደነገገው ከአዋጁ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በደብረ ኤልያሱ ተወላጅ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። ሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ መዋጮ ይሰበስባል፣ ሒሳብ ይይዛል። ሰንበቴው ግን የሕዝቡ የራሱ ነው፤ ስንዴና ዘቢብ ለቁርባኑ መገበሪያ፣ ጧፍና ዕጣን ለመቅደሱ የጎደለ ዕለት ካህኑ መጀመሪያ የሚናገረው ለሙሴው ነው።

አሁን ወደ ተረኛው ቤት እንግባ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚያ ነው።

ጽዋው የሚሻገረው በሳምንት ነው። ጠላ ግን በሳምንት አይደርስም። መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተጠንስሶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ብቅሉና የተፈረፈረው ቂጣ ይገባል፤ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ በአሻሮው፣ በተቆላው እህል ዱቄት፣ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ይሞላበትና አፉ ይታፈናል፤ በሁለት ሦስት ቀን ለመጠጥ ይደርሳል። ሲደመር ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ነው፤ በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ብርዱ በሚጠናበት፣ ከዚያም ይዘልቃል። ስለዚህ ብልህ ሙሴ የሚቀጥለውን ተረኛ ብቻ አይጠራም፤ የሦስት እሁድ ተረኞችን አከታትሎ ያሳስባል። ይህ ባልተደረገበት ሰንበቴ ላይ ያልበሰለ ጠላ፣ ወይም በችኮላ ከመንደር የተገዛ ይቀርባል። ጋኑ በደንብ ሳይታጠን ወይም አፉ ሳይታፈን የቀረ እንደሆነ ደግሞ ይቆመጥጣል፤ ያን ጊዜ ወቀሳው በሚስትየዋ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ዘግይቶ የነገራት ባል ዝም ብሎ ይቀመጣል።

መጠኑ ይታወቃል። ካህናት፣ ተማሪዎችና ነዳያን ተጨምረው አርባ ሰው ቢቀመጥ፣ ለአንዱ ሁለት ግማሽ ሊትር ጣሳ ቢታሰብ 40 ሊትር ጠላ ነው፤ ማለት በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት። ለዳቦው አምስት ኪሎ ያህል ዱቄት፣ ለንፍሮው ሦስት ኪሎ ያህል ጥሬ ይበቃል። የንፍሮው ባቄላና ሽምብራ ማታውን ይዘፈዘፋል፤ ቶሎ ስለማይበስልም ከስንዴው ቀድሞ ይጣዳል። እህሉ እንደ አገሩ ነው፦ በእነማይና በሸበል በረንታ ጤፍ በቀላሉ ይገኛል፤ በሜጫና በአቸፈር ጠላው የዳጉሳና የበቆሎ ነው፤ በሲናን ደጋ ገብስና ድንች ይበዛል። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ የሚውል እሁድ ወጡ ሽሮ ወይም ክክ ይሆናል፤ እሁድ በመሆኑ ጾሙ ከሥጋና ከወተት አይፈታም።

የተራው ሒሳብ ደግሞ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በየሳምንቱ የሚጠጣ ሰንበቴ 26 አባላት ቢኖሩት 52ቱ እሁድ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ይደርሳል። ያማረ ይመስላል፤ ግን ነሐሴ ላይ የወደቀ ቤት በየዓመቱ ነሐሴና የካቲት ላይ ይወድቃል። ነሐሴ ደግሞ ጎተራ የሚጎድልበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ እንጨቱ እርጥብ የሆነበት ወር ነው። ኅዳርና ግንቦት ላይ የደረሰው ጎረቤቱ ግን ክረምቱን አያገኘውም። አባላቱ 24 ቢሆኑ ግን ሁለቱ ዙር በ48 እሁድ ያልቅና የእያንዳንዱ ተራ በየዓመቱ አራት ሳምንት ይቀድማል፤ ክረምቱም ለሁሉም ይዳረሳል። ቁጥሩ አልመች ያለው ማኅበር በየዓመቱ ዕጣ ያውጣ። ተራ መለዋወጥም ይፈቀዳል፤ ለሙሴው ሳይነገር ግን አይሆንም፤ አለዚያ እሁዱ ያለ ተረኛ ይገኛል።

ሰንበቴን ከድህነት ይልቅ የሚገድለው ፉክክር ነው። አንዱ በጠላው ላይ አረቄ ይጨምራል፤ ቀጣዩ ላለማነስ በግ ያርዳል፤ ሦስተኛው ይበደራል፤ አራተኛው፣ አቅም የሌለው፣ «ታምሜያለሁ» ብሎ ይቀራል፤ ከዚያም ይወጣል። ወጥቶ የሚቀረው ሰውዬ ደግሞ ሰንበቴው በዋናነት የታሰበለት ነበር። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚቀርበውን በመተዳደሪያ ደንብ ወስኖ መጻፍ፣ ያነሰውን ብቻ ሳይሆን የጨመረውንም መቅጣት። በጨመረ መቅጣት እንግዳ ይመስላል፤ ግን ሠርቶ የሚታይ ነው። ቅጣቱ በጧፍ ወይም በዕጣን ቢሆን ይመረጣል፤ በቀጥታ ለመቅደሱ ይውላል፤ ሒሳቡም ክርክር አያመጣም።

ተረኛው በእርግጥ ካጣስ? ደህና ሰንበቴ ለዚህ ሁለት መንገድ አለው፦ ሁለት ቤት ተጣምሮ አንድ እሁድ ያወጣል፤ ወይም ማኅበሩ በመከር ጊዜ ከየቤቱ ጥቂት ጣሳ እህል ሰብስቦ ያስቀመጠውን ያበድረዋል። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ልጅ ያልደረሰላት እንደሆነ፣ እስኪደርስላት ተራዋ ይዘለላል እንጂ ስሟ አይሰረዝም።

ከማዕዱ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ከምግቡ ትበልጣለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማን በሬ እንደጠፋ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን አዝመራ ለወንፈል፣ ለጋራ ሥራ፣ እንደደረሰ የሚነገረው እዚያ ነው። ሁለት እሁድ ተከታትሎ የቀረ ሰው ቤቱ ይጠየቃል። የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይቀምሱም፤ ስለዚህ አንዱ ጽዋውን ሳይቀምስ ያሳለፈ ዕለት ጠቡ በአደባባይ ታወቀ ማለት ነው። ሙሴው ከንስሐ አባታቸው ጋር ሆኖ ሽማግሌ ይሰይማል፤ እስከሚቀጥለው እሁድም ቀጠሮ ይሰጣል። የድንበርና የውርስ ጠብ ግን በሳምንት አያልቅም፤ ወደ ቀበሌ ወይም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደውን ሰንበቴው ላይ አፍኖ ማስቀመጥ ቂምን ያቆያል እንጂ አያስታርቅም።

መዝገቡ ሦስት ነገር ብቻ ቢይዝ ይበቃል፦ የተረኞች ስምና ቀን፣ የገባና የወጣ ገንዘብ፣ የማኅበሩ ዕቃ ዝርዝር ከነብዛቱ። ጋንና መጠጫ ለሠርግ እየተዋሰ የሚቀረው ዝርዝር ስለሌለ ነው። ሒሳቡ ከዘመን መለወጫ በፊት ባለው እሁድ፣ ካህኑም ሰበካ ጉባኤውም ባሉበት ይነበባል፤ የአዲሱ ዓመት ዕጣ ግን ለመጀመሪያው ተረኛ ጠላው እንዲደርስለት ቀደም ብሎ ይወጣል። ዕጣውን የሚያነሣው ከተማሪዎቹ ትንሹ ይሁን፤ የማንም ዘመድ አይደለም።