ጉበትን በመርፌ መመርመር

«ጉበትዎ ላይ እብጠት ታይቷል፤ ኤፍ ኤን ኤ ይሠራልዎት።» ልደታ እንዳለው ጥቁር አንበሳ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈራው መርፌው ነው። ኤፍ ኤን ኤ ማለት በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ሕዋስ ወስዶ መመርመር ነው። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬም አለ። ጭራሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የካንሰር ሕዋስ በመርፌው መንገድ የሚተከልበት ጊዜ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። እብጠቱ በቀዶ ጥገና ሊወጣ የሚችል ከሆነና ሲቲ ስካን በቂ መልስ ከሰጠ ሐኪሞች መርፌውን ይተዉታል።

ከጉበት በመርፌ ናሙና መውሰድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ነው። ዛሬ ለኤፍ ኤን ኤ የተለመደው 22 ጌጅ መርፌ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክንድ ላይ ደም ከሚቀዳበት አይወፍርም።

በቅድሚያ የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ቅንጣቶች) ቁጥርና የደም መርጋት ይታያል። ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን በብዛት የሚሠራው ራሱ ጉበት ነውና፣ እሱ ሲታመም ደም ቶሎ አይቆምም። ከዚያ በአልትራሳውንድ እየታየ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ይባላል፤ ጉበት ከትንፋሽ ጋር ይንቀሳቀሳል። መርፌው ጥቂት ሰከንድ ገባ ወጣ ይላል። የወጣችው ጠብታ ስላይድ በሚባል ትንሽ መስታወት ላይ ታርፋለች፣ በሌላ ስላይድ ሳሳ ተደርጋ ትሳባለች፣ ደርቃ ራይት በሚባል ቀለም ትነከራለች። ማይክሮስኮፕና ፓቶሎጂስት (ናሙናውን የሚያነብ ሐኪም) ካለ መልሱ በዚያው ቀን ሊደርስ ይችላል። አቅም ለሌለው ሆስፒታል ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

እብጠቱ ካንሰር ነው? መግል ነው? ከሌላ አካል የመጣ ነው? ለእነዚህ ይረዳል። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ደርቋል ወይ ለሚለው ግን አይሆንም። ከጎተራ አንድ እፍኝ ጤፍ ዘግኖ ግድግዳው ተሰንጥቋል ወይ እንደማለት ነው። ለዚያ ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ ይወሰዳል፤ በሄፓታይተስ ቢ ለተያዘ ሰው ደግሞ የደም ምርመራና ፋይብሮስካን (ጉበት ምን ያህል እንደደረቀ ያለ መርፌ የሚለካ መሣሪያ) ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። «ካንሰር አልታየም» የሚል ውጤትም ብቻውን አያስተማምንም፤ መርፌው እብጠቱን ስቶት ሊሆን ይችላል። ከውሻ በሚመጣ ትል የተነሳ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ መውጋት ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

ከተወጉ በኋላ ቀኝ ትከሻን ቢያም አይደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ከባድ መድማት እምብዛም አይደርስም። ከደረሰ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ፣ ታማሚው ተኝቶ ግፊቱና የልብ ምቱ ይታያል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው በዚያው ቀን ወደ መናኸሪያ ባይሮጥና ዘመድ ቤት ቢያድር ይሻላል።