የቤዝቦል ማኔጀር ምንድን ነው? ሥራ አስኪያጅ አይደለም

«የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ከዳኛ ጋር ተጨቃጭቆ ከሜዳ ተባረረ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የስፖርት ዘገባዎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት መቁጠር ትቻለሁ። ሰሞኑን ደግማ ስትመጣብኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ሥራ አስኪያጅ ሲባል አንባቢው የሚያስበው ጠረጴዛና ማኅተም ያለውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቤዝቦል ቡድንም አለ። ጄኔራል ማኔጀር ይባላል፤ ተጫዋች የሚያስፈርመው፣ የሚያሰናብተው፣ ደመወዝ የሚደራደረው እርሱ ነው። ሲባረር የሚባረረው ከቢሮው እንጂ ከሜዳ አይደለም። ማኔጀር ግን እንደ ተጫዋቾቹ መለያ ለብሶ ዱጋውት (ሜዳው ዳር ያለው የቡድኑ መቀመጫ) ውስጥ ይቆማል፤ ማን እንደሚሰለፍ፣ በስንተኛ ተራ እንደሚመታ፣ ወርዋሪው መቼ እንደሚቀየር የሚወስን ሰው ነው።

ለወዳጆቼ ሳስረዳ የደብርን አሠራር እጠቅሳለሁ። ደብሩ አስተዳዳሪ አለው፤ አገልጋይ መቅጠርና ገንዘብ መቆጣጠር የእርሱ ነው። ሌሊቱን ማኅሌቱን የሚመራው ግን መሪጌታው ነው። እንደ ሌሎቹ ጠምጥሞ፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ አብሯቸው ይቆማል። ዜማውን እርሱ አልደረሰውም፤ ድጓው ቀድሞ ተጽፏል። ነገር ግን የማን ድምፅ እንደደከመ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚመራ፣ ከዝማሜው ወደ መረግዱ መቼ እንደሚታለፍ የሚያውቀው አብሮ የቆመ ሰው ነው። መሪጌታው ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ እንዳሉት፣ ማኔጀሩም የወርዋሪዎች አሰልጣኝና የመቺዎች አሰልጣኝ አሉት። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ የደከመ መዘምር አርፎ ይመለሳል፣ የወጣ ወርዋሪ ግን በዚያ ጨዋታ ዳግም አይገባም። ወርዋሪ የመቀየር ውሳኔ ያን ያህል የሚከብደው ለዚህ ነው።

ድሮ አስተዳዳሪውም መሪጌታውም አንድ ሰው ነበር። ኮኒ ማክ ፊላደልፊያ አትሌቲክስን ከ1901 እስከ 1950 ለ50 የውድድር ዘመናት መርቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቡድኑ ባለድርሻ ነበር፤ መለያ ሳይሆን ሙሉ ልብስና ክራባት ለብሶ ነበር ጨዋታ የሚመራው። የሁለቱ ሥራ መለያየት ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ግን በ1925 ነው። የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ባለቤት ማኔጀሩን ብራንች ሪኪን ከዱጋውት አንስቶ ቦታውን ለተጫዋቹ ለሮጀርስ ሆርንስቢ ሰጠ፤ ሪኪን ግን ቢሮ ውስጥ አስቀረው። ሪኪም ከቢሮው ሆኖ ትንንሽ ቡድኖችን በመያዝ ወጣቶችን የሚያሳድግ መረብ ዘረጋ። በኋላ ብሩክሊን ሄዶ በዘመናዊው ዋና ሊግ የመጀመሪያ የሆነውን ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንን ያስፈረመውም እርሱ ነው። ስለዚህ ቢሮው የማኔጀሩን ሥልጣን መካፈል የጀመረው ኮምፒውተር ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ተንታኝ «ድሮ ማኔጀር በደመ ነፍሱ ይመራ ነበር፤ ዛሬ የኮምፒውተር ተላላኪ ሆኗል» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ይኸው አባባል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ አያለሁ። ወንድሜ፣ ኧርል ዊቨርን እንውሰድ። በ1970ዎቹ ባልቲሞር ኦርዮልስን ሲመራ፣ እያንዳንዱ መቺ በእያንዳንዱ ወርዋሪ ላይ ያስመዘገበውን ውጤት በካርድ ጽፎ ይይዝ ነበር። ይህ ደመ ነፍስ ነው? ቁጥር ነው እንጂ! እንዲያውም እንደ ስታቲስቲክስ ባለሙያ ከተናገርኩ፣ የዛሬው ጠረጴዛ ላይ ካለው የባሰ ደካማ ቁጥር ነው። አንድ መቺ በአንድ ወርዋሪ ላይ 8 ጊዜ ተሰልፎ 4 ጊዜ ቢመታ፣ ከ8 ሙከራ ምንም ማለት አይቻልም፤ ሳንቲም 8 ጊዜ ብትወረውሩም 4 ጊዜ ዘውድ ሊወጣላችሁ ይችላል። የዛሬው ተንታኝ የወርዋሪውን ኳስ ፍጥነትና ሽክርክሪት ይለካል፣ ተመሳሳይ ወርዋሪዎችንም አሰባስቦ ናሙናውን ያሰፋል። የተለወጠው የቁጥሩ ጥራትና ቁጥሩን የሚያዘጋጀው ሰው ነው።

የማኔጀሩን እጅ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ያሰረው ደንቡ ነው፤ ይህን የሚያነሳ ግን አላየሁም። ከሁለቱ የአሜሪካ ዋና ሊጎች በአንዱ፣ በናሽናል ሊግ፣ ወርዋሪው ራሱ ይመታ ስለነበር፣ እየተመሩ ባሉበት ጨዋታ ጎበዝ ወርዋሪን ለአንድ ምት ሲባል ማውጣት ወይስ ማቆየት የሚለው ትልቁ ራስ ምታት ነበር። በ2022 ተኪ መቺ (በወርዋሪው ፈንታ የሚመታ ሰው) በሁለቱም ሊጎች በቋሚነት ሲፈቀድ ያ ራስ ምታት ጠፋ። ከ2020 ጀምሮ ተቀይሮ የገባ ወርዋሪ ኢኒንጉ (ቡድኖቹ ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) ካላለቀ ወይም ካልተጎዳ በቀር ቢያንስ 3 መቺዎችን መግጠም አለበት፤ አንድን መቺ ብቻ እንዲያስወጣ ሰው ማስገባት ቀረ። ከ2014 ወዲህ የዳኛ ውሳኔ በሰፊው በቪዲዮ ተመልሶ ስለሚታይ፣ እንደ ቀድሞው የአትላንታ ማኔጀር ቦቢ ኮክስ ከ150 ጊዜ በላይ ከሜዳ የሚባረር ማኔጀር ከእንግዲህ የምናይ አይመስለኝም። በ2026 የመጣው የኳስ ዞን አቤቱታ (የተወረወረችው ኳስ በመምቻው ዞን አልፋለች ወይስ አላለፈችም በሚለው የዳኛ ውሳኔ ላይ የሚቀርበው) ደግሞ ለወርዋሪው፣ ለቀላቢውና ለመቺው ብቻ የተሰጠ ነው፤ ማኔጀሩ አያገባውም።

«ተላላኪ» የሚሉት ሁሉ የሚጠቅሱት አንድ ሌሊት አለ፤ ኦክቶበር 27 ቀን 2020፣ የዓለም ዋንጫው (ወርልድ ሲሪስ፣ የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበት) ስድስተኛ ጨዋታ። የታምፓ ቤይ ሬይስ ማኔጀር ኬቨን ካሽ 1 ለ 0 እየመራ ብሌክ ስኔልን በስድስተኛው ኢኒንግ አወጣው። ስኔል የወረወረው 73 ኳስ ብቻ ነበር፤ 9 ጊዜ መቺን በሦስት ስትራይክ (ትክክለኛ ኳስ ሳይመታ በማሳለፍ ወይም በመሳት) አሰናብቷል፤ ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ የዶጀርስ መቺዎች በ6 ሙከራ 6 ጊዜ በስትራይክ ወጥተዋል። ኒክ አንደርሰን ተተካ፣ ዶጀርሶች ወዲያው 2 ነጥብ አስቆጠሩ፣ በመጨረሻም 3 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። የካሽ ምክንያት የታወቀ ነበር። መቺዎች አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት በአማካይ ይበልጥ ይመቱታል።

አማካዩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አማካይ የብዙ ወርዋሪዎች እንጂ የዚያ ሌሊት ስኔል አይደለም፤ አንደርሰንም በዚያ ወር ደጋግሞ ነጥብ ሲቆጠርበት ነበር። እኔ ካሽ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ፤ የማምነው ግን ስለተሸነፈ አይደለም። በ2003 ግሬዲ ሊትል ተቃራኒውን አድርጓል። የቦስተን ሬድ ሶክስ ማኔጀር ሆኖ ያንኪስን 5 ለ 3 እየመራ በስምንተኛው ኢኒንግ ፔድሮ ማርቲኔዝን ጠየቀው፣ እችላለሁ ሲለው ተወው። ያንኪሶች አቻ ሆኑ፣ በ11ኛው ኢኒንግ አሮን ቡን መትቶ ጨረሰው፣ የሊትልም ውል አልታደሰም። አንዱ ቁጥሩን ሰማ፣ ሌላው ሰውየውን ሰማ፤ ሁለቱም ተሸነፉ። ውሳኔን በውጤቱ መመዘን በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ኃጢአት ነው።

ታዲያ ለማኔጀሩ ምን ቀረለት? ዋናው ቀረለት። ዕቅዱ ከጨዋታው በፊት ከቢሮው ጋር ይወጣል፤ ያንን ዕቅድ ለ26 ተጫዋቾች፣ በ162 ጨዋታ፣ በስድስት ወር ውስጥ እንዲያምኑበት ማድረግ የእርሱ ነው። ትናንት ሁለት ጊዜ የመታን ልጅ ዛሬ አትሰለፍም ብሎ ዓይኑን እያየ መንገር የእርሱ ነው። ከጨዋታው በፊትም በኋላም ጋዜጠኛ ፊት ቀርቦ ለውሳኔው የሚመልሰው እርሱ ነው፤ የሠንጠረዡ አዘጋጅ አይጠየቅም። ለተላላኪ ደግሞ እንዲህ አይከፈልም። ቺካጎ ከብስ በ2023 ለክሬግ ካውንስል የ5 ዓመት ውል ሲሰጥ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ዴቭ ሮበርትስ በ2025 ከዶጀርስ ጋር ለ4 ዓመት በ32.4 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል።

ያው ሮበርትስ በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ በሰባተኛው ጨዋታ ዮሺኖቡ ያማሞቶን አስገባ። ያማሞቶ ከአንድ ቀን በፊት 96 ኳስ ወርውሯል። ዶጀርሶች በ11 ኢኒንግ 5 ለ 4 አሸነፉ፣ ያማሞቶም እስከ መጨረሻው ወረወረ። ለካሽ የከለከልኩትን ለሮበርትስ አልፈቅድም፤ መሳካቱ ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። ነገር ግን በማግስቱ እንደገና መወርወር እችላለሁ ያለን ሰው አይቶ ማመን፣ ሌሊቱን አብሮት የቆመ መሪጌታ ሥራ ነው።

ለተርጓሚዎች አንድ ነገር ልጠይቅ። «ማኔጀር» ብላችሁ እንዳለ ተዉት፤ ካልሆነ «ዋና አሰልጣኝ» በሉት፤ ሙሉ በሙሉ ባይገጥምም አንባቢውን ሜዳ ላይ ያቆየዋል። ያቺ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ትጻፍ፦ «ማኔጀሩ ከዳኛ ጋር ተጨቃጭቆ ከሜዳ ተባረረ፤ ቡድኑን በቀሪዎቹ ኢኒንጎች ምክትሉ መራ።»