የወጣት ላክሮስ ተጫዋቾች ልምምድ ከውድድር ወራት ውጭ

ላክሮስ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ በተለይም ሆዴኖሾኒዎች፣ ከጥንት ጀምሮ ሲጫወቱት የኖሩት፣ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ጠንካራ የጎማ ኳስ እየተቀባበሉ ግብ የሚያስቆጥሩበት የቡድን ስፖርት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የትምህርት ቤቶች ውድድር በአብዛኛው ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ድረስ ስለሚካሄድ፣ ወጣት ተጫዋቾች የዓመቱን ሰፊ ክፍል የሚያሳልፉት ከዚህ ውድድር ውጭ ነው፤ የእጅ ቅልጥፍናቸው በዋናነት የሚዳብረውም በዚሁ ጊዜ ነው።

የዚህ ወቅት ዋነኛ ልምምድ የግድግዳ ልምምድ ነው። ተጫዋቹ መስኮት ከሌለበት ግድግዳ ጥቂት ሜትሮች ርቆ በመቆም ኳሷን ይወረውራል፤ ነጥራ ስትመለስም በመረቡ ይቀበላታል። ኳሷ መረቡን በምትነካበት ቅጽበት ዱላውን በትንሹ ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ነጥራ ትወጣለች። ይህን ልምምድ በቀኝ እጅ ብቻ መሥራት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም በአንድ እጁ ብቻ የሚጫወትን ልጅ ተከላካዩ በቀላሉ ወደ ደካማ ጎኑ ይገፋዋል። በጨዋታ ጓንት የሚያጠልቁ ተጫዋቾች በልምምድም ቢያጠልቁት ይመረጣል፤ የዱላው አያያዝ ያለ ጓንት የተለየ ነውና። ልምምዱ ከአንድ ዱላና ከአንድ ኳስ በቀር ወጪ የለውም። ላክሮስ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋዊ የቡድን ስፖርት በሆነባት በሜሪላንድ ለሚኖሩና ጨዋታውን በልጆቻቸው በኩል ለሚተዋወቁ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰቦች ይህ ቀላል መነሻ ነው።

ሌላው መንገድ በግድግዳ በታጠረ ጠባብ ሜዳ የሚጫወቱት ቦክስ ላክሮስ ነው። ይህ ዓይነት በ1930ዎቹ በካናዳ፣ በበጋ በረዶ በማይኖርባቸው የሆኪ ሜዳዎች የተስፋፋ ሲሆን፣ በየቡድኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 6 ተጫዋቾች ይሰለፉበታል። ግቡ በሰፊ ሜዳ በሚጫወቱት በተለመደው ላክሮስ 1.83 ሜትር ከሚሰፋው ግብ በጣም ስለሚጠብ፣ ተጫዋቹ በተጨናነቀ ቦታ ኳስ መያዝንና አነጣጥሮ መምታትን ይማራል። በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የገነኑት መንትዮቹ ጋሪና ፖል ጌይት የካናዳው ቦክስ ላክሮስ ፍሬዎች ናቸው።

ዕረፍትም የልምምዱ አካል ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ወጣቶች በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን፣ በዓመት ደግሞ በተለያየ ጊዜ ተከፋፍሎ በድምሩ 3 ወር ከሚያዘወትሩት ስፖርት እንዲያርፉ ይመክራል፤ ያለ ፋታ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ትከሻንና ጉልበትን ይጎዳልና። እነዚያን ወራት በቅርጫት ኳስ ወይም በእግር ኳስ ማሳለፍ ልጁን ወደ ኋላ አያስቀረውም፤ በአሜሪካ ፉትቦል ስመ ጥር የሆነው ጂም ብራውን በሲራኪዩስ ላክሮስን፣ ቅርጫት ኳስንና አትሌቲክስንም ይወዳደር ነበር።

በበጋ የሚካሄዱ የክለብ ውድድሮች የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች ተጫዋቾችን የሚያዩባቸው መድረኮች ቢሆኑም፣ ብዙ ወጪ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በጸደቀው ደንብ መሠረት የአንደኛ ዲቪዚዮን (የከፍተኛው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ደረጃ) አሠልጣኞች ተማሪው 11ኛ ክፍል እስከሚጀምርበት መስከረም ድረስ ስለ ምልመላ ሊያነጋግሩት ስለማይችሉ፣ የ12 ዓመት ልጅን ለምልመላ ሲባል ከከተማ ከተማ ማመላለስ አስፈላጊ አይደለም።